ኢታኖሉ ለመኪና ወይስ ለምድጃ? የአንባቢዎች ጥያቄና የእኔ መልስ

ስለ ሀገር ውስጥ አማራጭ ነዳጅ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የተጀመረው መቼ ነው? ለምንስ?

የባዮፊውል (ከዕፅዋት የሚገኝ ነዳጅ) ስትራቴጂው በ2007 ወጣ። በ2008 አዲስ አበባ ላይ በ5 በመቶ ተጀመረ፤ በ2011 ወደ 10 በመቶ አደገ፤ ኋላ ግን ተቋረጠ። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ ነዳጃችን ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ነው የሚገባው፤ የሚከፈለውም በዶላር ነው። ኢታኖሉ የሚሠራበት ሞላሰስ ግን ስኳር ሲመረት ከፋብሪካዎቻችን የሚተርፍ ወፍራም ፈሳሽ፣ የራሳችን ሀብት ነው።

ጥያቄ፦ የታክሲ ሹፌር ነኝ። ድብልቁ ሞተር ይገድላል ይባላል፤ እውነት ነው?

እስከ 10 በመቶ ድረስ ለአብዛኛው መኪና አያሰጋም። ኢታኖል በሊትር ሲታይ ጉልበቱ ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ በ10 በመቶ ድብልቅ ከሚሄዱት ኪሎ ሜትር 3 በመቶ ያህል ይቀንስብዎታል። ዋናው ጠንቅ ውኃ ነው። የማደያው ታንክ ውኃ ከቋጠረ ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውኃው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል። ከተጠራጠሩ በጠራ የብርጭቆ ጠርሙስ ቀድተው ያስቀምጡት፤ ከሥር ሌላ ንጣፍ ከተለየ መኪናዎ ውስጥ አይጨምሩት።

ጥያቄ፦ ገበሬውን ጉሎ ትከል ማለት ስህተት ነበር ትላለህ?

አዎ፣ እላለሁ። ከፍሬያቸው ዘይት የናፍጣ ምትክ የሚሠራባቸው ጉሎና ጃትሮፋ የተባሉ ተክሎች ጥቅም ላይ ባልዋለ መሬት ይለማሉ ነበር የተባለው። ወላይታ ላይ ግን ጉሎው የገባው ቤተሰብ የሚመገብበት ማሳ ውስጥ ነው፤ ምርቱም ገበያውም እንደተነገረው አልሆነም። በምሥራቅ ሐረርጌ ደግሞ ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ላይ ሳይቀር መሬት ለጉሎ ተሰጠ። በወረቀት ላይ ባዶ የተባለው መሬት የከብት ግጦሽ ነው፣ የማገዶ መልቀሚያ ነው። ሞላሰስ የማንንም ማሳ አይቀማም፤ ለዚህ ነው እኔ ከሞላሰስ የማልርቀው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ኢታኖል ምን ያደርግልናል?

በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ቢከለከልም፣ ቀድሞ የገባው ገና ብዙ ዓመት ይሄዳል። ጭነት የሚያመላልሰው ከባድ መኪና ደግሞ የሚጠጣው ናፍጣ ስለሆነ ይህ ድብልቅ አይነካውም። እኔን የሚያሳስበኝ ወጥ ቤቱ ነው። ጅግጅጋ አቅራቢያ በቀብሪበያህ የስደተኞች ጣቢያ የኢታኖል ምድጃ ተሞክሮ ሠርቷል፤ ለአንድ ቤተሰብ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። በእርግጥ እንጀራ አይጋገርበትም፣ ለምጣድ አይሆንም። ወጡ፣ ሻዩና ቡናው ግን ያለ ጭስ ይሠራበታል፤ እናትም ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ልጅ ጭስ ውስጥ ይዛ አትውልም።

ሒሳቡን እንመልከተው። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የኢታኖል ማምረቻ በዓመት 8 ሚሊዮን፣ የመተሐራው 12.5 ሚሊዮን ሊትር ለማምረት ነው የተተከሉት። በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ ከ50 ሺህ የሚበልጥ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ያበስልበታል። ያው ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ ሲገባ አሽከርካሪው መኖሩንም ልብ አይለው። ስለዚህ መንግሥት ማደባለቁን እንደገና ከማሰቡ በፊት፣ ፋብሪካው ለምድጃ የሚሸጠውን ሊትር ዋጋ ይወስን፤ ለቤተሰቦች የሚደርሰውንም ድርሻ በመመሪያ ያስቀምጥ።