ቦዲ ማዞሪያ ወይስ ማጋደያ? ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ የአሮጌ መኪና ቦዲ ሲታደስ ስለምንገለብጥባቸው መሣሪያዎች የምችለውን እመልሳለሁ። የመኪናውን ዓይነትና ዝገቱ ያለበትን ቦታ አብራችሁ ጻፉ። ከሁሉ በፊት ግን የበሩን ክፍት ቦታ በቱቦላሬ ሳታስሩ ምንም ብረት አትቁረጡ።

ጥያቄ፦ የትኛው ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለየትኛው መኪና? ለምን ሥራ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? የእኔ መኪና ወለሉ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ተበልቷል፤ ጋራዡም ጠባብ ነው።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ መመለስ ይቻላል። ማጋደያ አንዱን ጎን በክሪክ እያነሣ ያዘነብላል። ማዞሪያ ግን ከፊትና ከኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባምፐሩ በሚታሰርበት ቦታ ይዞ 360 ዲግሪ ያዞራል። ለአንተ ማጋደያ ይበቃል። ባትሪውን አውጣ፤ ነዳጁንና ዘይቱን አፍስስ። ከበሩ ሥር ያለው ብረት ከዛገ ግን ማጋደያውን ተወው፤ ሸክሙ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ወለሉን በሙሉ የሚቀይር ወይም ዝገቱ እንዲለቅ ቦዲውን በአሸዋ የሚያስነፋ ሰው ማዞሪያ ይያዝ፤ በየክፍተቱ የገባ አሸዋ ቦዲው ካልተገለበጠ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ማዞሪያ ራሴ በይጄ ሠራሁ። ቦዲውን ትንሽ ሳዘነብለው ከእጄ አምልጦ ይገለበጣል። ብረቱ ደካማ ነው?

መልስ፦ ብረቱ ምንም አልሆነም፤ ሚዛኑ ነው። ብዙ ሰው ስለ ብረት ውፍረት ሲጨነቅ ይህን ይረሳል። የቦዲው ክብደት ማዕከል ከመዞሪያው ዘንግ በላይ ከሆነ፣ ትንሽ ስታዘነብለው ይዞህ ይሄዳል። ከዘንጉ በታች ከሆነ ደግሞ እንደ ተንጠለጠለ ባልዲ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያዘነበልከው ቦታ ላይ አይቆምም። የአንተ የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ ቦዲውን ከዘንጉ አንጻር ዝቅ አድርገው። ማሰሪያው ላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ቀዳዳዎች ከሌሉት ቆርጠህ እንደገና ሥራው። ሚዛኑ ሲገጥም ቦዲው በአንድ እጅ ይዞራል፤ በጎኑ አቁመህ ስትለቀውም ንቅንቅ አይልም።

አንድ ቀን በትክክል የተመዘነ ቦዲ ይዤ ሙሉ ወለሉን ቆርጬ አወጣሁ። ቦዲው እንዳይዞር የሚቆልፈውን ፒን ስነቅል ዞሮ ክንዴን መታኝ። ከታች ክብደት ሲቀነስ ማዕከሉ ወደ ላይ እንደሚወጣ አላሰብኩም ነበር። ሞተር፣ በር፣ መስታወት፣ ወለል፣ የወጣው ሁሉ ሚዛኑን ይቀይራል።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ቦዲውን በአሮጌ ጎማዎች ላይ በጎኑ አስተኝተን ስንት መኪና በየድን!

ሌላ አባል፦ የጣሪያው ጠርዝስ? እኔ እንደዚያ አድርጌ ተጨርምቶብኛል።

የመጀመሪያው አባል፦ ጎማ ስላነሰህ ነው።

ሌላ አባል፦ ስድስት ጎማ ነበረኝ!

መላሽ፦ የጎማው ቁጥር አይደለም። በጎኑ የተኛ ቦዲ የሚያርፈው የጣሪያ ጠርዝና የበር ምሰሶ ላይ ነው፤ ወለሉ ከተቆረጠ ደግሞ ይጣመማል። የበሩን ክፍት ቦታ እሰሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ቮልስዋገን ቢትልስ?

መልስ፦ ቦዲው ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው፤ ለያይተህ ለየብቻ ሥራቸው። ቦዲው ያለ ወለሉ ስለሚልፈሰፈስ፣ ከማንሣትህ በፊት እሰረው።

ጥያቄ፦ ማዞሪያው ላይ የበሩን ሥር ብረት ቀየርኩ፤ አሁን በሩ አይዘጋም።

መልስ፦ በሩን ሰቅለህ ክፍተቱን ሳትለካ በየድክ ማለት ነው። ከሁለት ጫፍ የተንጠለጠለ ቦዲ መሐሉ ይረግባል። መኪናው በጎማው እንደሚቆመው ተደግፎ፣ በሩ ተሰቅሎ፣ አዲሱ ብረት በነጥብ በነጥብ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማዞሪያው ይወጣል። ብየዳውን ፍታው።

ጥያቄ፦ ከታች የትኛውን ቀለም ልቀባ?

መልስ፦ ቀለም ቀቢ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ማዞሪያ ነው ማጋደያ የሚሻለው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ።

ጥያቄ፦ የኋላ ባምፐሩ የሚታሰርበት ብረት በእጅ ይፈረፈራል።

መልስ፦ እዚያ ላይ አትስቀለው፤ ይገነጠላል። መጀመሪያ መሬት ላይ ጠግነው፤ ወይም የኋላው አክስል ከታሰረበት ጤነኛ ብረት ላይ ማሰሪያ አውጣ። ፒኑ ሳይገባም ማንም ከሥሩ አይግባ፤ የማዞሪያው የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም።

ማዞሪያውን ራሱ የሠራው ጠያቂ፦ መምህር፣ አራት ጣት ያህል ዝቅ አደረግሁት። በጎኑ አቁሜ ለቀቅኩት፤ ቆመ!

መላሽ፦ ጎበዝ! ፒኑን መልስ። ወለሉን ስታወጣ ደግሞ እንደ አዲስ መዝነው።