አፖፊስን ከደሴ ለማየት፦ ቀኑ፣ ሰዓቱና የጦሳ ነገር

«አፖፊስ የሚባለው አስትሮይድ በ2029 ምድርን ይመታል የሚባለው እውነት ነው? ካልመታስ ከደሴ በዓይን ይታያል?» ብለህ ለጠየቅከው፦

አይመታም፤ ይታያል። ግን መጀመሪያ ቀኑን እናስተካክል። 2029 የፈረንጆች ቁጥር ነው። በእኛ ከፋሲካ በኋላ ያለው ዓርብ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ማለት ነው። በእኛ 2029 መስሎት የተዘናጋ ሰው በ8 ዓመት ያመልጠዋል። ለምድር በጣም የሚቀርበው በ21፡46 ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ነው፤ 3 ሰዓት ስትደምርበት ከሌሊቱ 6፡46 ይሆናል። በዚያ ሰዓት ስልክህ ኤፕሪል 14፣ 00፡46 ብሎ ያሳያል። ዜናው የሚለው ግን ኤፕሪል 13 ነው፤ «ኤፕሪል 13፣ 00፡46» ብለህ ከመዘገብክ ሐሙስ ሌሊት በከንቱ ትቆማለህ።

ያኔ ከምድር ገጽ ያለው ርቀት 32,000 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ያሉት 35,786 ኪ.ሜ. ላይ ስለሆነ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ያልፋል።

የ«ይመታል» ወሬ መነሻ አለው። ድንጋዩ የተገኘው በፈረንጆች ጁን 2004 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም የፈረንጆች ናቸው)። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ በእጅ የነበረው ምልከታ ጥቂት ስለነበር፣ የ2029 የመምታት ዕድሉ እስከ 2.7 በመቶ ተሰልቶ ነበር። ቀደም ሲል ሳይታወቅ የተነሱ ምስሎች ሲገኙ ስሌቱ ጠበበና የ2029ኙ ስጋት ቀረ። ቀጥሎ የ2036 ጥያቄ መጣ፦ በ2029 ሲያልፍ 600 ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ጠባብ «ቀዳዳ» (የህዋ ክፍል) ውስጥ ከገባ የምድር ስበት ወደ ግጭት መስመር ያዞረዋል የሚል። ይህ በ2013 ተዘጋ፤ የቀረውን የ2068 ስጋት የዘጋው ደግሞ በማርች 2021 በጎልድስቶን (ካሊፎርኒያ ባለው የናሳ አንቴና) የተደረገው የራዳር ልኬት ነው። ቴሌስኮፕ የሚነግርህ አቅጣጫን ነው፤ ራዳር ግን ርቀቱንና ፍጥነቱን በቀጥታ ይለካል። ከዚያ በኋላ በ2029 የሚኖርበት ቦታ በጥቂት ኪሎ ሜትር ስህተት ታወቀ፤ ናሳም ቢያንስ ለ100 ዓመት አይመታም አለ። ከዚህ በኋላ ዩቲዩብ ላይ የሚጮኸውን እርሳው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የምህዋሩ ነገር ነው። አሁን ከፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት የምድርን 0.922 ያህል ነው። ከርቀቱ ተነስቶ ዓመቱን ማስላት ይቻላል፤ ካልኩሌተር ያለው ይሞክረው፦ 0.922 × 0.922 × 0.922 አባዝቶ ካሬ ሥሩን ቢያወጣ 0.885 ያገኛል፤ በ365 ቀን ሲባዛ 323 ቀን። ዓመቱ ከእኛ ዓመት ያጥራል ማለት ነው። በዚያች ሌሊት የምድር ስበት አማካይ ርቀቱን ወደ 1.10 ያሰፋዋል፤ በዚያው ስሌት ዓመቱ 420 ቀን ገደማ ይሆናል። 340 ሜትር ገደማ የሆነ ዓለት በሰዓታት ውስጥ ምህዋሩ እንዲህ ሲቀየር በዓይን ይታያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ስቴላሪየምን የመሰሉ የሰማይ ካርታ መተግበሪያዎች ድንጋዩን የሚያስኬዱት በማይለወጥ ምህዋር ነው፤ የምድርን ስበት አያስቡም። ስለዚህ ለዚያች ሌሊት አትመናቸው። የሰማይ አካላትን ቦታ የሚያሰላውን የናሳ ድረ ገጽ፣ ሆራይዘንስን ተጠቀም። 99942 የሚለውን የአፖፊስ መለያ ቁጥር አስገባ፤ ቦታውን ለደሴ ኬክሮስ 11.13 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 39.63 ምሥራቅ፣ ከፍታ 2.5 ኪ.ሜ. አድርግ፤ የሰዓት ልዩነት 5 ደቂቃ፤ ከውጤቶቹ 4ኛውን (አቅጣጫና ከፍታ) እና 9ኛውን (ድምቀት) ምረጥ። ቦታውን ሳትቀይር በምድር እምብርት ከተውከው ውጤቱ እስከ 9 ዲግሪ ድረስ ይዛባል፤ ቅርብ ስለሆነ ነው። አቅጣጫው ከሰሜን ተነስቶ ይቆጠራል፦ 90 ምሥራቅ፣ 180 ደቡብ፣ 270 ምዕራብ።

አሁን ወደ ጦሳ ተራራ። አፖፊስ ሲመሽ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ይመጣና ወደ ምዕራብ ይሻገራል። በጣም በሚቀርብበት ሰዓት ከእኛ በኩል ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሏል፤ ለደሴ መሃል ከተማ ደግሞ ምዕራቡ ጦሳ ነው። ስለዚህ 6፡46ን ብቻ የጠበቀ ሰው ተራራ ሲያይ ያመሻል። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከፍ ብሎ ሳለ፣ ብታየው ይሻላል። እስከ መጨረሻው ልከተለው ካልክ ምዕራቡ የተከፈተ ቦታ በቀን ሄደህ ምረጥ። ሐይቅ ከተማ አካባቢ መልካም ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ከሆንክ ከፋብሪካዎቹ መብራት ራቅ በል።

ድምቀቱ በከዋክብት መለኪያ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይደምቃል) እስከ 3.1 ይደርሳል፤ መካከለኛ ኮከብ ያህል ነው፣ እሳታማ ጅራት አትጠብቅ። የዚያን ዕለት ጨረቃ አዲስ ስለሆነች ሰማዩ ጨለማ ነው። ከሳተላይት የምትለየው በፍጥነቱ ነው። ሳተላይት በደቂቃዎች ሰማዩን ያቋርጣል፤ አፖፊስ ግን በከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 42 ዲግሪ ገደማ ስለሚሄድ ላፍታ ብታየው የቆመ ይመስላል። በሁለት ኮከቦች መካከል ያለበትን ቦታ ልብ በል፤ 2 ደቂቃ ቆይተህ ስታይ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይርቃል። 10×50 ባይኖኩላር ካለህ እይታህን አቋርጦ ለመውጣት 9 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በስልክ ለማንሳት በማቆሚያ ላይ አስረህ 10 ሰከንድ ክፈተው፤ አጭር መስመር ሆኖ ይወጣል።

የሚያሰጋኝ የበልግ ደመና ነው፤ ሚያዝያ ለወሎ ዝናብ ነው። ደሴን ጉም ከሸፈናት ኮምቦልቻ 25 ኪ.ሜ. ገደማ ናት፤ መኪና አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ለደሴ ያወጣችሁት ሰንጠረዥ ለዚያም ያገለግላል፤ ልዩነቱ በዓይን አይለይም።