የ1974ቱ ጠርሙስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ብራሰልስ ነው። ባለፈው ወር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ሰሜን ስፔን ተጉዘን፣ ሪዮሃ በሚባለው የወይን አውራጃ ሎግሮኞ ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ የወይን መደብር ገባሁ። ከሒሳብ መቀበያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ «ሪዮሃ፣ ግራን ሬሴርቫ፣ 1974» የሚል ቀይ ወይን ቆሟል። ባለቤቴ የተወለደው ጥር 1974 ስለሆነ ልቤ ዘለለ። ዋጋው 165 ዩሮ ነው። ሻጩ እስከ ወሩ መጨረሻ አቆይቶ በፖስታ ሊልክልኝ ተስማምቷል። የባለቤቴ ወንድም «ወይን ባረጀ ቁጥር ወርቅ ነው፤ ዓይንሽን ሳታሺ ግዢ» ይለኛል። ያነሳሁትን ፎቶግራፍ ልኬልዎታለሁ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? ሰ.፣ ከብራሰልስ

መልስ፦ «ጋሼ» ካልሽኝ እኔም «አንቺ» ልበልሽ። ወይኑን ከማንሳታችን በፊት ዘመን አቆጣጠሩን እናስተካክል። ጠርሙሱ ላይ ያለው 1974 የፈረንጆቹ ነው፤ የባልሽ 1974 የእኛ ነው። ያ ወይን የተለቀመው በእኛ በ1967 ጥቅምት ገደማ፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ በወሩ ነው። ባልሽ እስኪወለድ ገና ከሰባት ዓመት በላይ ይቀራል።

የወይን ዓመት የሚባለው ፍሬው የተለቀመበት እንጂ ጠርሙስ የገባበት ወይም ገበያ የወጣበት ዓመት አይደለም። ሪዮሃ ውስጥ ለቀማው በአብዛኛው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይካሄዳል፤ የእኛን አዲስ ዓመት ተከትሎ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ በ1974 መባቻ የተለቀመው ወይን ጠርሙሱ ላይ «1981» ይላል። ባልሽ በጥር ሲወለድ ያ ወይን የሦስት ወር ጨቅላ ነበር። ደስ የሚለው ደግሞ የሪዮሃ ወይን ተቆጣጣሪ ምክር ቤት የፈረንጆቹን 1974 ለቀማ «ጥሩ» ሲለው የ1981ን «በጣም ጥሩ» ብሎታል። ትክክለኛው ዓመት ከተሳሳተው ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም።

በዓመት ቁጥር የተሳሳትሽው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) ላ ሪዮሃ አልታ የሚባለው ስመ ጥር ወይን ጠማቂ ቤት ከዋና ወይኖቹ አንዱን በተመሠረተበት ዓመት «1890»፣ ሌላውን ደግሞ ከአንድ ሌላ የወይን ቤት ጋር በተዋሐደበት ዓመት «1904» ብሎ ይጠራቸው ነበር። ገዢው የለቀማ ዓመት እንዳይመስለው የፊተኛዋ አሃዝ ተቆርጣ ዛሬ «890» እና «904» ይባላሉ።

አሁን ወደ ፎቶግራፍሽ። ጠርሙሱ ትከሻ ያለው ዓይነት ነው። ወይኑ የደረሰው እስከ ትከሻው መካከል ብቻ መሆኑን አይተሻል? አዲስ ሲሆን አንገቱ ውስጥ፣ ከቡሹ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነበር። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ወይን በዕድሜ ብዛት ትንሽ ይተናል፤ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው ወይን እስከ ትከሻው አናት ቢወርድ አይገርመኝም። ከዚያ በታች ሲሆን ግን በወጣው ወይን ፈንታ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ አየር ደግሞ ወይንን ወደ ኮምጣጤ ይወስደዋል። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ ቆሟል። ተጋድሞ ያልተቀመጠ ወይን ቡሹ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ሦስተኛ፣ ከራስጌው አምፖል በርቷል፤ ከሥሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ማሽን አለ። ያ ጠርሙስ ለጌጥ የተቀመጠ ነው። ሻጩን አልወቅስም፤ አሮጌ መደብር ጌጥ ያስፈልገዋል።

«ግራን ሬሴርቫ» የሚለው ቃልም አያባብልሽ። ቃሉ የሚናገረው ወይኑ ስንት ጊዜ እንደተኛ እንጂ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይደለም። በዛሬው ደንብ የሪዮሃ ቀይ ወይን ግራን ሬሴርቫ ለመባል ከመሸጡ በፊት ቢያንስ አምስት ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን በ225 ሊትር በርሜል፣ ሁለቱን በጠርሙስ። ሬሴርቫ ሦስት ዓመት፣ ክሪያንሳ ሁለት ዓመት ነው። ከጠርሙሱ ጀርባ የምትለጠፈው የምክር ቤቱ ወረቀት በቀለም ትለያቸዋለች፤ ሰማያዊዋ የግራን ሬሴርቫ ናት። ሰማያዊ ወረቀት ለብሶ በርካሽ የሚሸጥና አፍ የሚያደርቅ ወይን ስንቱን አይቻለሁ። ጠርሙሱ ላይ የሚጠመጠመው ወርቃማ የሽቦ መረብም ጥንት ሌባ ርካሽ ወይን ሞልቶ እንዳይሸጥ የተበጀ ነበር፤ ዛሬ ጌጥ ብቻ ነው። እኔ የምጠይቀው የቤቱን ስም ነው።

ጄኔቫ ውስጥ በአንድ ሆቴል የወይን ጓዳ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያ ዘመን አንድ ጊዜ በራሴ ገንዘብ ሪዮሃ ውስጥ ወዳለችው አሮ ከተማ ሄጄ ነበር። በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ያለው ሠፈር የወይን ቤቶች መንደር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ፊሎክሴራ የምትባል ነፍሳት የፈረንሳይን የወይን ተክል ስታወድም የቦርዶ ነጋዴዎች ወይን ፍለጋ ወደዚህ መጡ፤ ባቡሩም ወይኑን ወደ ቢልባዎ ወደብ አመላለሰ። ሎፔስ ዴ ኤሬዲያ የተባለው ወይን ጠማቂ ቤት በ1877 የተመሠረተው በዚሁ ሠፈር ነው። ምድር ቤታቸው ግድግዳው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል፤ የሸረሪት ድሩም አይጠረግም። ሸረሪቶቹ ቡሽ የሚቦረቡረውን ብል ይበላሉ ይላሉ። እናቴ ብታየው ኖሮ መጥረጊያ አምጡ ትል ነበር።

እዚያ አንድ ሠራተኛ ወይኑን ከበርሜል ወደ በርሜል ሲያጠልል አየሁ። የሚፈሰው ወይን ከጀርባው ሻማ በርቶለታል። ሰውየው አይናገርም፣ ዓይኑን አይነቅልም። ወይኑ ጥርት ብሎ እንደ ብርጭቆ ሲያበራ ቆይቶ ድንገት ጭስ የመሰለ ነገር ሻማው ፊት አለፈ፤ በዚያው ቅጽበት ዘጋው። ጭሱ አንቡላው ነው። ያ ቤት ቪኛ ቶንዶኒያ የተባለውን ሬሴርቫውን ለሽያጭ ከማውጣቱ በፊት በርሜል ውስጥ ብቻ ስድስት ዓመት ያህል ያኖረዋል፤ ደንቡ ለሬሴርቫ የሚጠይቀው አንድ ዓመት ነው። በርሜሎቹም የአሜሪካ ኦክ ናቸው፤ የባህላዊው ሪዮሃ የቫኒላና የኮኮናት ጠረን የሚመጣው ከዚያ እንጨት ነው። ቴምፕራኒዮ የተባለው ዋናው ፍሬ ይህን ሁሉ እንቅልፍ እንዲችል ግራሲያኖና ማሱኤሎ የሚባሉት ሁለት ጎምዛዛ ዘመዶቹ በትንሽ መጠን ይደግፉታል።

የእኔንም ጥፋት ልንገርሽ። አንድ ጊዜ የ1970 ሪዮሃ ከአንድ መደብር የመስኮት ማሳያ ገዛሁ። ወረቀቱ በፀሐይ ገርጥቷል፤ እኔ ግን «የዕድሜ ምልክት ነው» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ለወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ ራት ላይ ስከፍተው ቡሹ እንደ በሶ ፈረሰ። ብርጭቆ ውስጥ የወረደው የቀጠነ ሻይ ይመስላል፤ ጠረኑ ኮምጣጤ ነው። ባለቤቴ ቀመሰችና «ለሰላጣ ይሆናል» አለች። ሰላጣውም ተበላሸ።

በተቃራኒው፣ ከተለቀመበት ዘመን ጀምሮ ጨለማ፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ጓዳ ውስጥ የተጋደመ የ1994 ግራን ሬሴርቫ ከአንድ የጎንደር ልጅ ወዳጄ ጋር ከፍቻለሁ። መጀመሪያ የምድር ቤት ሽታ ነበረው፤ ወዳጄ ፊቱን አጨማደደ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተውነው። ከዚያ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ የትምባሆ ቅጠል፣ የቆዳ ሽታ መጣ። ወዳጄ ብርጭቆውን አፍንጫው ላይ እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «ይኼ የአባቴ ዳዊት ነው» አለ። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ የብራናውንና የማኅደሩን ሽታ ማለቱ ነው። እኔ በ22 ዓመት እንዲህ ያለ ገለጻ ከባለሙያ አልሰማሁም።

ስለዚህ 1974ቱን ተዪው። ለባልሽ ወንድምም አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ እንደሆነ ንገሪው፤ የሚያረጀው ብዙ ነው፣ አርጅቶ የሚያምርበት ጥቂት ነው። ለሻጩ ደውለሽ 1981 እንዳለው ጠይቂ። ካለው «የት ነው የተቀመጠው? ከማን ገዛኸው?» በይው። ጠርሙሱን ከጀርባው ብርሃን አድርጎ የአንገቱን ፎቶግራፍ ይላክልሽ። ወይኑ ከትከሻው አናት በላይ ከሆነና ቀለሙ እንደ ሸክላ ቀይ ከሆነ ደግ ነው፤ እንደ ቡና ከጠቆረ ወይም ከቡሹ ሥር የፈሰሰ ወይን ምልክት ካለ ይቅር። ቤቱ ሎፔስ ዴ ኤሬዲያ ከሆነ ዋጋው ከ165 ዩሮ መብለጡ አይቀርም። ሻጩ ጥያቄሽን ከጠላው መልሱን አግኝተሻል።

ካልተገኘ ደግሞ ምርጫዬን ልንገርሽ፤ እኔ ብሆን ከመጀመሪያውም ይህን ነበር የማደርገው። ባህላዊዎቹ ቤቶች ወይኑን አስተኝተው፣ ለመጠጣት ሲደርስ ነው የሚያወጡት። በያዝሽው ገንዘብ ከላይ ካነሳሁልሽ «904» ሁለት ጠርሙስ ሳታገኚ አትቀሪም፤ ከቤቱ ጓዳ ከወጣ ብዙ ያልቆየ፣ በትክክል የተኛ። የ2010 ወይም የ2011 ለቀማ ካገኘሽ ሁለቱም ዓመታት በምክር ቤቱ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙ ናቸው። አንዱን ለልደቱ፣ ሌላውን አጋድመሽ ለሃምሳኛው። የልደት ዓመቱ አይደለም፤ ነገር ግን ይጠጣል።

አሮጌውን ከገዛሽ በፖስታ ከመጣ በኋላ ሁለትና ሦስት ሳምንት አሳርፊው። ከግብዣው አንድ ቀን አስቀድመሽ አቁሚው፣ አንቡላው ይዘቅጣል። በሻማ ብርሃን ወደ ማንቆርቆሪያ በቀስታ ገልብጪው፤ ጭሱን ስታዪ አቁሚ። አሮጌ ወይን ብዙ ሰዓት ክፍት ከተተወ ይሞትብሻልና እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ክፈቺው። ከምግቡ ደግሞ በርበሬውን ቀንሺ። አሮ ውስጥ ይህን ወይን የሚጠጡት በወይን ጭራሮ ፍም ላይ ከተጠበሰ የበግ ጎድን ጋር ነው፤ የእኛ አልጫ ወጥም ይስማማዋል። ዶሮ ወጥ ግን ድምፁን ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ከስድስት ዓመት በፊት ለቤት ምረቃ «ክሪያንሳ» የሚል የስፔን ቀይ ወይን በስጦታ አምጥተውልን ሳሎን ቡፌው ውስጥ ቆሟል። ዋጋው ጨምሮ ይሆን? ይቆይ ወይስ ይከፈት? ተ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ክሪያንሳ የተሠራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። ስድስት ዓመት ቆሞ፣ በመስታወቱ በኩል ብርሃን ሲመታውና ቤቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከርሟል። ዋጋው አልጨመረም። ዛሬ ማታ ይክፈቱት። ምናልባት አልፎበት ይሆናል፤ ምናልባትም ደህና ነው። ከዚያ ባዶውን ጠርሙስ ወደ ቡፌው መመለስ ይችላሉ።