ለ35 ሜጋኸርዝ ሪሲቨር የትኛው ሴራሚክ ፊልተር?

ከፍራንክፈርት አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «ለሞዴል አውሮፕላኔ ሪሲቨሩን ራሴ ሠራሁት። የምጠቀመው ቻናል 70ን፣ ማለትም 35.100 ሜጋኸርዝን ነው። ሲግናሉን የሚቀበለው አይሲ (ቺፕ) ኤምሲ 3361 ነው። ብቻዬን ሳበርር ምንም ችግር የለም። ጓደኛዬ ቻናል 71 ላይ ሪሞቱን ሲያበራ ግን ሰርቮዎቹ (የአውሮፕላኑን መሪዎች የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ፊልተሩ ላይ 455ዲ የሚል ተጽፏል። በጣም ጠባቡን ገዝቼ ልቀይረው?»

ወንድሜ፣ ፊልተሩን መጠርጠርህ ልክ ነው። ቀይረው። በጣም ጠባቡን ግን አትግዛ።

ሪሲቨርህ የሚሠራው እንዲህ ነው። 35.100ን ፍሪኩዌንሲውን ከሚወስነው የሪሲቨሩ ክሪስታል 34.645 ጋር ይቀላቅልና ልዩነቱን፣ 455 ኪሎኸርዝን፣ ያወጣል። የጓደኛህ 35.110 ደግሞ በዚያው መንገድ 465 ላይ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው 10 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ይህን የሚለየው ያቺ ትንሽ ፊልተር ናት። ከአንቴናው ቀጥሎ ያለው የሽቦ ጥቅል በ35 ሜጋኸርዝ ላይ 10 ኪሎኸርዝን መለየት አይችልም።

ሙራታ የተባለው ፋብሪካ በሚሠራቸው ሲኤፍዩና ሲኤፍደብልዩ ፊልተሮች ላይ ከ455 ቀጥሎ ያለው ፊደል ስፋቱን ይናገራል። ዲ ከመሃሉ ግራና ቀኝ 10 ኪሎኸርዝ ያሳልፋል። ኢ 7.5፣ ኤፍ 6፣ ጂ 4.5፣ ኤች 3፣ አይ 2 ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሚለኩት ሲግናሉ 6 ዴሲቤል፣ ማለትም ቮልቴጁ በግማሽ፣ በቀነሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ ያንተ ዲ የጓደኛህን ሲግናል ቮልቴጅ የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው። በሩ ተከፍቶለታል ማለት ይቻላል።

በሜዳው ላይ እናስበው። አውሮፕላንህ ካንተ 300 ሜትር ርቆ፣ ከጓደኛህ 30 ሜትር ላይ አለፈ እንበል። የእሱ ሲግናል አንቴናህ ላይ ካንተው 10 እጥፍ ይበረታል፣ ይህም 20 ዴሲቤል ነው። ዲ ይህን አይችለውም። ኤች ግን 9 ኪሎኸርዝ ርቀት ላይ፣ በሲኤፍዩ 40፣ በሲኤፍደብልዩ ደግሞ 50 ዴሲቤል ይቀንሳል። የኔ ምክር ሲኤፍደብልዩ 455 ኤች ነው። በቦርድህ ላይ ቦታ ከጠበበ ሲኤፍዩውም ይሆናል።

በጣም ጠባቡ፣ «አይ» የሚለው ፊደል ያለበት፣ ለምን አይሆንም? ያንተም ሲግናል ስፋት አለውና። ሪሞቱ ፍሪኩዌንሲውን 1.5 ወይም 2 ኪሎኸርዝ ያህል ያወዛውዛል። ክሪስታል ደግሞ ልክ በተጻፈበት ላይ አይቀመጥም። በሚሊዮን 20 ቢስት እንኳ በ35 ሜጋኸርዝ ላይ 0.7 ኪሎኸርዝ ነው። የሪሞቱና የሪሲቨሩ ስህተት ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ከሄደ ይደመራል። የፊልተሩ መሃልም ራሱ ወደ 1 ኪሎኸርዝ ሊዛነፍ ይችላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በ2 ኪሎኸርዝ ውስጥ አይገባም። ሲግናሉ ጠርዝ ላይ ሲቆረጥ ለሰርቮው ትእዛዝ የሚያደርሱት ፐልሶች ጫፍ ይደንዛል፣ ሰርቮውም ያለ ጓደኛህ ይንቀጠቀጣል። በተለይ ብርድ ላይ። ክሪስታሎችህ ከተለያየ ፋብሪካ ከሆኑና የማታምናቸው ከሆነ ከኤች ይልቅ ጂን አስገባ፤ የጎረቤት ጥበቃው ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ያንተን ሲግናል አያጠፋም።

ከተበላሸ ዕቃ ፈትተህ ለመጠቀም ካሰብክ አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። በቲቪ ሪሞት ውስጥ ዜድቲቢ 455ኢ የሚል ባለሁለት እግር ዕቃ አለ። እሱ ሬዞኔተር (በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚርገበገብ ዕቃ) ነው እንጂ ፊልተር አይደለም። ኢ የሚለው ፊደል እዚያ ስፋትን አያመለክትም። ሲዲቢ 455ም እንዲሁ ለዲስክሪሚኔተር፣ ማለትም የፍሪኩዌንሲውን መወዛወዝ ወደ ቮልቴጅ ለሚቀይረው ክፍል፣ የተሠራ ነው። የምትፈልገው መግቢያ፣ መውጫና የመሬት እግሮች ያሉት ነው። የድሮ የታክሲ መገናኛ ሬዲዮ ውስጥ ጥሩዎቹ ይገኛሉ፤ ፊደላቸውን ግን አንብብ።

አሁን ወደ ብየዳው። ዲ በሁለቱም ጫፍ 1.5 ኪሎኦም ይፈልጋል፣ ኤች ደግሞ 2 ኪሎኦም። ይህ ካልተጠበቀ የማሳለፊያው ቅርጽ ይጎብጣል። የኤምሲ 3361 የውስጥ ሬዚስተሮች ለዚህ ቅርብ ስለሆኑ አንተ ምንም መጨመር አያስፈልግህም። በትራንዚስተር የሚቀላቅል ሰርኪዩት ያላችሁ ግን ጫፎቹን በሬዚስተር አስተካክሉ። ቀጥተኛ ቮልቴጅም በፊልተሩ ላይ እንዳያርፍ ካፓሲተር አስገቡ።

የመሬት እግሮቹን በሙሉ አሳጥረህ በይድ። መግቢያውና መውጫው ጎን ለጎን እንዳይሄዱ አድርግ። ሲግናሉ በፊልተሩ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ከሾለከ 50 ዴሲቤል የሚባለው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ብዙ በራስ እጅ የተሠሩ ሪሲቨሮች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ መሬት ላይ ፈትነው። ፕሮፔለሩን አውልቅ። ያንተን ሪሞት አንቴናውን ሰብስበህ ከሪሲቨሩ አርቀው። የጓደኛህን በቻናል 71 እያበራችሁ ቀስ በቀስ አቅርቡት፣ ሰርቮው መረበሽ የጀመረበትን ርቀት ያዙ። ቀጥሎ በቻናል 69 ድገሙት። ሁለቱ ርቀቶች ከተቀራረቡ ሲግናልህ ፊልተሩ መሃል ላይ ተቀምጧል። በአንድ በኩል በጣም የሚከፋ ከሆነ ግን ፊልተሩን አትውቀስ። የሪሲቨሩን ክሪስታል ቀይርና እንደገና ለካ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አልፎ አልፎ የሚረብሽህ ነገር ከቀረ የቻናል ጎረቤት ላይሆን ይችላል። በ34.190 ላይ ያለ ማንኛውም ሲግናል ከክሪስታልህ ጋር ሲቀላቀል እሱም 455 ይሆናል። እሱን የትኛውም ፊደል አያግደውም። መፍትሔው መጀመሪያ ወደ 10.7 ሜጋኸርዝ፣ ቀጥሎ ወደ 455 የሚያወርድ ሪሲቨር ነው። ከኤፍኤም ሬዲዮ የሚፈታው የ10.7 ፊልተር ለዚያ ሥራ ይበቃል። ስፋቱ ግን ከ150 እስከ 280 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ጓደኛህን አይለይልህም፤ ኤቹ እዚያም ከኋላው መኖር አለበት።