በስድስተኛው ቀን ላይ ስላለ እብጠትና መበለዝ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ወደ ቤትዎ ተመለሱ። የላይኛውንና የታችኛውን የዓይን ቆብዎን አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ተሠርተው አዳማ እንደገቡ፣ ከተሠሩም ስድስተኛ ቀንዎ እንደሆነ፣ እብጠቱ በሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ብሶ እንዳስደነገጠዎት፣ የግራው ከቀኙ ይልቅ እንዳበጠ፣ ጥቁረቱም ወደ ጉንጭዎ ወርዶ ቢጫ መምሰል እንደ ጀመረ ጽፈዋል። እናትዎ ትኩስ ጨርቅና ለጋ ቅቤ ይዘው እንደቆሙ፣ እርስዎም ከጥርስ ሕመም የተረፈዎትን ዳይክሎፌናክ እየዋጡ እንደሆነ፣ ከ15 ቀን በኋላ ደግሞ የታናሽ እህትዎ ሰርግ እንዳለ ነግረውናል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ይህንኑ ቀዶ ሕክምና በ2015 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም አድርጌ ያገገምኩት ሀዋሳ ቤቴ ውስጥ ስለሆነ፣ ሐኪሜ የነገረኝንና በራሴ ላይ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

ከሁሉ በፊት ስለ ዳይክሎፌናኩ ልናገር። ይህ መድኃኒት እንደ አስፕሪንና እንደ አይቡፕሮፌን ሁሉ የደምን የመርጋት አቅም ስለሚቀንስ፣ ገና ያልጠገገ ቁስል ውስጥ ደም እንዲፈስና መበለዙ እንዲሰፋ ሊያደርግ ይችላል። ዛሬውኑ ለቀዶ ሐኪምዎ ይደውሉና መውሰድዎን ይንገሩት፤ ለእኔ ታዝዞልኝ የነበረው ፓራሲታሞል ብቻ ነው። (ለልብ ወይም ለደም ሥር ሕመም በሐኪም የታዘዘ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ግን ይህን አንብቦ በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ።) ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በብዛት መውሰድንም ለጊዜው እንድተው ተነግሮኝ ነበር።

የሦስተኛው ቀን መባስ የሚጠበቅ ነው። እብጠት ጫፍ ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የዓይን ቆብ ቆዳ ደግሞ ከሰውነታችን ሁሉ የሳሳ፣ ላላ ያለም በመሆኑ ፈሳሹ እዚያ ይጠራቀማል። እኔ በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም የግራ ዓይኔ የስንዴ ፍሬ ላይ እንዳለው መስመር ሆኖ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ያለምንም መድኃኒት ግማሹ ተከፈተ። ተጋድመን ስንተኛ ፈሳሹ ወደ ፊት ይመጣል፣ ቀጥ ብለን ስንውል ይወርዳል። የአንዱ ወገን መብለጥም ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው፤ የእኔ ምክንያት ሌሊት ሳላውቀው በግራ ጎኔ መገልበጤ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ትራስ ደርድሬ፣ ከትከሻዬ ሥር የታጠፈ ጋቢ አስገብቼ፣ ግራና ቀኜን ደግሞ በተጠቀለለ ነጠላ ከልዬ በጀርባዬ መተኛት ጀመርኩ። ትራሱን ብቻ ካበዙት አንገት ይታጠፋል እንጂ ደረት ከፍ አይልም፤ ጋቢውን ያስገባሁት ለዚህ ነው።

ጥቁረቱ ወደ ጉንጭ መውረዱ አዲስ ጉዳት አይደለም፤ የፈሰሰው ደም በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ እኔን እስከ መንጋጋዬ ድረስ አድርሶኛል። ቢጫው ደግሞ ደሙ እየተፈጨ ሰውነት እየጠረገው ለመሆኑ ምልክት ነው። ነጭ ቆዳ ላይ በመሐል የሚታየው አረንጓዴ እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ብዙም ስለማይለይ፣ ከቡና ቀለም በቀጥታ ወደ ቢጫ የዘለለ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ይጠፋል። የጠይም ሰው ትልቁ ጠንቅ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥላ ነውና የአዳማን ፀሐይ አይናቁ፤ ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ያድርጉ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን ግን ስፌቱ እስኪጠግግ ድረስ ስፌቱ ላይ አያድርሱት።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በረዶ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንድይዝና እንዳሳርፍ ተነግሮኝ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ግን መብራት ስለጠፋ «ሳይቀልጥ ልጠቀምበት» ብዬ በረዶውን በላስቲኩ እንዳለ ጉንጬ ላይ አስደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቆዳው ከቀዶ ሕክምናው የተነሣ ደንዝዞ ስለነበር ምንም አልተሰማኝም፤ ስነቃ ግን የአውራ ጣት የሚያህል ቦታ በብርድ ተቃጥሎ ቀልቶ ነበር። መበለዙ በ12ኛው ቀን ጠፋ፣ የበረዶው ጠባሳ ግን ሦስት ወር ቆየ። ሐኪሜ ሲያየው «ይሄ የእኔ እጅ ሥራ አይደለም» አለኝ። ስለዚህ እናትዎን በትሕትና ይለምኗቸው፤ ትኩስ ጨርቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ወደ ቦታው ይስባል፣ ከዚያ በኋላ ለብ ያለ ጨርቅ የሚያዘውም ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። ቅቤው ግን ባልጠገገ ስፌት ላይ በምንም መንገድ አይቀባ፤ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ወደ ዓይን መግባቱም አይቀርም።

ጨው ውኃ ይይዛል። እኔ ጾመኛ ስለነበርኩ ጨው የበዛበት ሽሮ ማታ በልቼ ባደርኩ ቁጥር ጠዋት ፊቴ ይነፋ ነበር፤ ጨው ቀንሼ ምስር ሳበዛ ልዩነቱን በሁለት ቀን አየሁት። ስግደትም እንዲሁ ነው፤ ጎንበስ ሲሉ ደም ወደ ፊት ይሞላል፣ የንስሐ አባቴም ቆሜ ራሴን ዝቅ ከማድረግ በላይ እንዳልሰግድ ከለከሉኝ። ልጅ ማንሣት፣ ባልዲ መሸከም፣ አጎንብሶ ፀጉር መታጠብ ሁሉ በዚሁ ሥር ይገባል። አናናስ ይጠቅማል ሲባል ሰምቼ ገዝቼ በልቻለሁ፤ ጣፋጭ ነበር፣ ከዚያ በላይ ምንም አላየሁበትም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀስ በቀስ ለሚጎድል እብጠት ነው። እብጠቱ በድንገት በአንድ ወገን ወጥሮ ከጠነከረ፣ ሕመሙ በማስታገሻ የማይበርድ እየሆነ ከሄደ፣ ማየትዎ ከደበዘዘ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርገው ካዩ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ፣ መልስ የሚጽፍልዎትን ሰው አይጠብቁ። በተለይ የዓይን እይታ ከተነካ ከዓይን ኳስ ጀርባ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዎ ወዳለው የድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ ለሐኪምዎም በመንገድ ላይ ይደውሉ።

ሰርጉን በተመለከተ፣ በ21ኛው ቀን ለሰው ዓይን የሚታየው አብዛኛው እብጠት ይወርዳል፤ ለእርስዎ ብቻ የሚሰማ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ ክብደት ግን ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ኩልና የዓይን ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ሐኪሙን ያስፈቅዱ፣ ሲያጸዱትም ቆቡን ሳይጎትቱ ይሁን። የሰው አፍ ግን ከእብጠቱ ይቀድማል፤ እኔን የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ሳይቀር «ማን ነው የመታሽ?» ብሎኝ፣ ምስኪኑ ባለቤቴ አንድ ሳምንት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ዳቦ ሲገዛ ከርሟል። ለቅርብ ሰዎችዎ አስቀድመው እውነቱን ይንገሩ። እኔን ከሁሉ ያሳመመኝ ደግሞ ሊጠይቁኝ የመጡ አክስቴ ጉንጬን ይዘው አራት ጊዜ ሲስሙኝ ነበር፤ ሰርግ ቤት ሲገቡ አንዲት እህትዎን ከፊትዎ አስቀድመው «በትከሻ ብቻ ሰላም በሏት» ታስብልልዎ።