«እናንተን አይመለከትም» ሲሏችሁ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ቤቴ መጥታ ነበር። ቻይና የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ የቋንቋውን ዓመት ጨርሳለች፤ በመስከረም ዋናውን ትምህርት ትጀምራለች። ቡናው እስኪፈላ ስናወራ «ጋሼ፣ አዲስ ገቢዎቹ ሁሉ ወታደራዊ ሥልጠና አለባቸው፤ እኛ የውጭዎቹ ግን ነፃ ነን። ጠግቤ እተኛለሁ!» አለችኝ። ደስታዋን ላበላሽባት አልፈለግሁምና ዝም አልኩ። ያን ቀን የዋጥኩትን ለእሷም፣ እንደ እሷ ሻንጣ ለምታዘጋጁ ልጆችም ልጻፈው።

ያለችው ትክክል ነው። ቻይናዎች «ጁንሹን» የሚሉት ሥልጠና ለገዛ ልጆቻቸው ግዴታ ነው፤ የውጭ ተማሪን ግን ዩኒቨርሲቲዎች በተለምዶ እንደማያሳትፉ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ሳይቀር ይናገራል። በእኔም ጊዜ ነገሩ ያው ነበር። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ «እናንተን አይመለከትም» ሲለን ከሁሉም በላይ ደስ ያለው እኔን ነው። «ወታደራዊ ሥልጠና» የሚለው ቃል ለእኔ ዘመን ልጅ ጨዋታ አይደለም። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ካወጣ በኋላ ወጣት ወንድ ያለበት ቤት እንቅልፍ አልነበረውም። ደሴ አፈሳ መጣ በተባለ ቁጥር እናቴ ታላቅ ወንድሜን በጓሮ በር ታስወጣው ነበር። ሕፃን ብሆንም የእጇ መንቀጥቀጥ እስካሁን ይታየኛል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ መስኮት ነው። ዘመኑ 1991 ዓ.ም. ሊገባ የጳጉሜ ሰሞን ነው፤ ከተማው ዉሃን። እኛ የውጭዎቹ የምናድረው ለብቻችን በተሠራ ሕንፃ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ ሆኜ ለአራት ዓመት አብረውኝ የሚማሩትን ልጆች ቁልቁል አያቸዋለሁ፤ ሁሉም አረንጓዴ ዥንጉርጉር ለብሰው ፀሐይ ላይ ተገትረዋል። በመጀመሪያው ቀን አሳዘኑኝ። በሁለተኛው ማታ ምግብ ቤት ስገባ እየተጎሻሸሙ፣ በቅጽል ስም እየተጠራሩ ይስቃሉ። እኔ ሳህኔን ይዤ የምቀመጥበት አጣሁ። ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ የማን ጎን እንደምቀመጥ ስላላወቅሁ ነው። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ሄጄ «ልግባ» አልኩ። ግራ ገባቸው። አንድ ነገር ብሆን ኃላፊነቱ የራሴ መሆኑን አስፈርመው ለቀቁኝ።

ከጠመንጃው በፊት ያለው ሥራ መቆም ነው። ዝም ብሎ መቆም! የመሐል ጣት የሱሪውን ስፌት ይነካል፣ ክብደት ወደ እግር ጣቶች ያደላል፣ ዓይን አይንከላወስም። ዉሃን ከናንጂንግና ከቾንግቺንግ ጋር «ምድጃ» ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት፤ በመስከረም እንኳ የአስፋልቱ ግለት ጫማ ያልፋል። ላብ ዓይን ውስጥ ሲገባ መጥረግ ክልክል ነው፤ «ባኦጋዎ!» ብለህ ማስፈቀድ አለብህ። ተዝለፍልፈው የሚወድቁ ነበሩ። «ተጠንቀቅ»ና «አሳርፍ» ከትምህርት ቤት የባንዲራ ሰልፍ የማውቃቸው ስለሆኑ በቻይንኛ ሲጠሩ ለመልመድ አልከበደኝም። ያቃተኝ ብርድ ልብሱ ነው። እንደ ቶፉ፣ እንደዚያ ከአኩሪ አተር እንደሚሠራው አይብ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ጠርዙ በቢላዋ የተቆረጠ መምሰል አለበት። የእኔ ሁልጊዜ ያልቦካ ሊጥ ይመስል ነበር።

አሠልጣኛችን ሃያ ዓመት ያልሞላው ወታደር ነው፤ በዕድሜ እበልጠዋለሁ። የአንገቱ ቆዳ ተልጦ ነበር። በዚያ ክረምት ያንግትዜ ሞልቶ ከአገሪቱ ጦር ብዙ ሺህ ሰው የወንዙን የአፈር ግድብ ሲጠብቅ ከርሟል፤ እሱም ከዚያው መምጣቱ ነው። ዕረፍት ላይ ከበን አስወራነው። የፈራሁት ውኃው ከላይ ሲያልፍ ነው ብሎ የሚነግረን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የሚያስፈራው ከሥር ነው አለን። ውኃው ግድቡን በታች ሰርስሮ፣ ከጀርባ በኩል ሩዝ ማሳው መሐል እንደ ምንጭ ይፈልቃል። ሌሊት በባትሪ እየዞሩ የሚፈልጉት እሱን ነው። ሲያገኙት አይደፍኑትም፤ ከደፈኑት በሌላ በኩል ይፈነዳል። ዙሪያውን በአሸዋ ጆንያ ከበው፣ መሐሉ ላይ ጠጠር ያፈሳሉ፤ ውኃው ይውጣ፣ አፈሩ ግን ይቅር። የሚወጣው ድፍርስ ከሆነ ግድቡ እየተበላ ነው፣ ኩልል ካለ ፋታ አለ። እኔ እዚያ የሄድኩት የውኃ ምሕንድስና ልማር ነው፤ የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠኝ ያ ልጅ ሆነ። ከዓመታት በኋላ አገር ቤት አንዲት ትንሽ የአፈር ግድብ ግርጌ ድፍርስ ውኃ ሲፈልቅ አይቼ፣ ሠራተኞቹ በጭቃ ሊደፍኑት ሲሮጡ «ተዉት! ጠጠር አምጡ!» ብዬ የጮህኩት በእሱ አፍ ነው።

እንቁጣጣሽ እዚያው ሜዳ ላይ ዋለችብኝ። በሰልፉ አጠገቤ ለቆመው ልጅ ሹክ ስለው ለአሠልጣኙ ነገረው። የዓመት በዓል ስጦታ ብሎ ቁጥሩን እኔ በአማርኛ እንድመራ ፈቀደ። የቡድኑ ልጆች በሙሉ «አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አላት!» እያሉ ሜዳውን ዞሩ። «ራ» አልወጣላቸውም፤ እስከ ምረቃ ድረስ በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው «አላት!» ነበር።

ሁሉም ንጹሕ ጨዋታ ነበር ግን አልላችሁም። በቤጂንግ ቲያንአንመን አደባባይ ለተቃውሞ የወጡት ተማሪዎች በ1989 እ.ኤ.አ. በኃይል ከተበተኑ በኋላ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች አንድ ሙሉ ዓመት ወታደር ቤት እንዲሠለጥኑ ተደርጓል፤ የሻንጋዩ ፉዳን ዩኒቨርሲቲ ልጆችም ተከትለዋል። መንግሥት ወጣቱን በሰልፍ የሚያቆመው እግሩን ለማጠንከር ብቻ አይደለም። ይህንን እያወቃችሁ ግቡ።

ሥልጠናው ሊያበቃ ሲል ቻይናዎቹ ለአንድ ቀን ተኩስ ሊለማመዱ ወጡ። እኔ ቀረሁ፤ ለውጭ ሰው አይፈቀድም። በዚያው ቀን የእህቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። የባድሜው ጦርነት ከተጀመረ አራት ወር ሆኖታል። አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተማረ ልጅ መዝመቱን ጽፋልኛለች። ያንን ዥንጉርጉር ልብስ ለብሼ አነበብኩትና አወለቅሁት። ማታ ልጆቹ ጠመንጃው ትከሻቸውን እንዴት እንደመታቸው እያሳዩ እየሳቁ ተመለሱ። አንዱ ፊቴን አይቶ ጠየቀኝ፤ ባለችኝ ቻይንኛ ነገርኩት። ምንም አላለም። ባዶውን ፔርሙሴን አነሳ፣ ወርዶ ፍል ውኃ ሞልቶ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

በአንደኛው ዓመት የሒሳብ ፈተና ሲያንቀኝ ማስታወሻውን ያዋሰኝ ይኸው ልጅ ነው። ጽሑፉን ማንበብ አቅቶኝ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያነበበልኝም እሱ ነው። በዚያ ሁለት ሳምንት የተኙት የውጭ ጓደኞቼ ከእኔ ያነሰ ጭንቅላት አልነበራቸውም። ግን እርስ በርስ ብቻ እየተያዩ፣ እርስ በርስ እየተጠያየቁ፣ ቻይናን ከአራተኛ ፎቅ አይተው ተመለሱ።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ፣ ቢሮው ነፃ ነሽ ቢልሽም «ልግባ» በይ። እምቢ ካሉሽ ዕረፍት ላይ ውኃ ይዘሽ ውረጂና አጠገባቸው ተቀመጪ። ሕመም ካለብሽ ለአሠልጣኙ ቀድመሽ ንገሪ፤ ወድቆ ጀግና የሆነ አላየሁም። የሚሰጡሽ ስስ የሸራ ጫማ ነው፤ ሶሉ ከወረቀት አይሻልም። ለእኔማ ልኬም ጠፍቶ አንድ ቁጥር ያነሰ ታድሎኝ የሁለት አውራ ጣቴ ጥፍር ወልቋል። ሴቶቹ የወር አበባ ሞዴሳቸውን ውስጡ ሲያነጥፉ አይቼ፣ አፍሬ ሁለት ቀን ቆይቼ ነው እኔም ገዝቼ ያነጠፍኩት። አንቺ አትፈሪ፣ ከመጀመሪያው ቀን አንጥፊ።

ጋሼ