ለጀማሪ የፊልም ጸሐፊዎች፦ ስለ አዛውንት አፍቃሪዎች

ልጆቼ፣

የድሮዎቹን የሆሊውድ የፍቅር ኮሜዲዎች አትናቁ፤ ከእነሱ ብዙ ሙያ ይቀሰማል። ግን ዐይናችሁን ገልጣችሁ እዩዋቸው። ተዋናይቷ ኦድሪ ሄፕበርን በ1929 ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በፊልም ያፈቀረቻቸው ሃምፍሬይ ቦጋርትና ፍሬድ አስቴር ግን የ1899 ሰዎች ናቸው፤ ጋሪ ኩፐር የ1901፣ ኬሪ ግራንት የ1904። ለአባትነት የሚበቁ ናቸው። በ1930ዎቹ ስማቸው የገነነ ወንዶች በ1950ዎቹም ትኬት ያሸጡ ነበር፤ እኩዮቻቸው ሴቶች ግን የእናት ቦታ ይሰጣቸው ጀመር። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በ1959 ባወጣው ፊልም የግራንት እናት ሆና የተጫወተችው ጄሲ ሮይስ ላንዲስ ከእሱ የምትበልጠው በሰባት ዓመት ገደማ ነው! ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

ሁለት ፊልሞችን ጎን ለጎን እዩልኝ። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር በ1957 ባወጣው «ላቭ ኢን ዘ አፍተርኑን» ሄፕበርንን የሚያፈቅረውን የኩፐርን ፊት ብዙ ጊዜ ጥላ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የዕድሜውን ሸክም መብራቱ እንዲሸከም ተደረገ። ተመልካች ደግሞ የተሸፈነ ነገር ሲያይ ይበልጥ ያፈጣል።

በ1963 በስታንሊ ዶነን ዳይሬክተርነት በተሠራው «ሻሬድ» ግን ግራንት ከሄፕበርን ጋር ያለው የ25 ዓመት ልዩነት ስላሳሰበው፣ ጸሐፊው ፒተር ስቶን ነገሩን ገለበጠው፦ አሳዳጇ እሷ፣ የሚያፈገፍገው እሱ። አሳንሰር ውስጥ በገዛ ዕድሜው ይቀልዳል። ሻወር ሥር እንኳ የሚገባው ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ እሷ ቆማ ትስቅበታለች። ዕድሜው ራሱ የሳቁ ምንጭ ሆነ።

ነገ አንድ ፕሮዲዩሰር ስመ ጥር ሰው ይዞ መጥቶ «አፍቃሪው እሱ ነው» ይላችኋል። ገንዘቡ የእሱ ነውና እምቢ ማለት ያቅታችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ሜካፕ ሠሪዋን ከመጥራታችሁ በፊት ጽሑፉን ክፈቱ። ልጅቷ ከዚህ ሰው ምን ትፈልጋለች? እናቷ ወይም ጓደኛዋ ስለ ዕድሜው አንድ ቃል ይተነፍሳሉ? እነሱ ዝም ካሉ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ይናገርላችኋል። ተዋናይት የሆናችሁም «ለምን ወደደችው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዳይሬክተሩ መልስ ካጣ ጽሑፉ አላለቀም ማለት ነው።

ግራንት በ1966 በሠራው የመጨረሻ ፊልሙ አፍቃሪነቱን ለወጣት ለቅቆ ራሱ አገናኝ ሆኗል። ድፍረቱ ካላችሁ ለፕሮዲዩሰሩ ሰው ይህንን ቦታ ጻፉለት፤ ጥሩ ጥሩውን ቀልድ ለእሱ ከሰጣችሁት ላይከፋው ይችላል።